ቀን የጎደለበት

ጳጉሜ ሦስት ነበረ፤ ዘጌ፣ ጤና ኬላ፣
ሰማይ ከቆርቆሮ ዝናቡ ሲያጣላ፣
ውዴ በሩፋኤል ተፈትታ፣ ልጇን ስታቅፍ፣
እንዬ በታብሌቱ ቀኑን ስትጽፍ፣
«እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት ያ መሣሪያ፣
በቀይ፣ በባዕድ ፊደል፣ ያለ ማብራሪያ።

ወር አሥራ ሁለት ነው በተሠራበት አገር፤
የእኛን አምስት ቀን ማን ይንገር?
ደግማ ነካችው፤ እምቢ። ሦስተኛም፤ እምቢ።
«ሌላ ቀን አስቢ»
እንደ ማለት።

መስከረም አንድ ላይ አስጠጋችው ልጁን፤
የክትባቱን ቀጠሮ ግን፣ እውነተኛ ቀኑን፣
በእስክሪብቶ ጻፈች፣ መዳፏ ላይ።
ማታ ዕቃ አጠበች።

ሰው ሲቸግረው «ቀን ጎደለብኝ» ይላል፤
የውዴ ልጅ ግን እውነትም ቀን ጎድሎበታል።

ይህን የነገረችኝ ጀልባ ላይ ነው፣ ስንመለስ፤
እኔ ኮድ ጸሐፊ፣ የሰው ኮምፒውተር የማድስ፣
ባሕር ዳር፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከብስክሌት ጠጋኙ በስተኋላ፣
መብራት በፈቀደ ሰዓት እንጀራዬን የምበላ።

ሦስት ሳምንት፣
የደንገል ታንኳ እንደሚሠራ ሰው፣ አስሬ ፈታሁት።
አሥራ ሦስተኛ ወር ጨመርሁ፤
ሰዓቱን ከጧት ጀመርሁ፤
«ስምንት» ተብለው እናቶች፣ ፀሐይ ካዘነበለ እንዳይመጡ፣
የተዘጋ በር እንዳይቆጡ።

ከዚያ ለውዴ መልእክት ላክሁ። ማንበብ አትችል!
ይህን ሳይጠይቅ የሠራ ሰው ምን ይባል?
አፈርሁ።
እንዬን ለመንኋት፤ ድምጿን ቀዳሁት በስልክ፦
«ነገ ልጁን ይዘሽ ነይ፣ አደራ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ልክ።»
ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። ልቆርጠው ብዬ ተውሁት፤
ውዴ ስትሰማው ሳቀች አሉ፤ ቀድማ ደረሰች በማግሥቱ ጧት።

ዘንድሮ፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ውሎ፣ ማታ ሲመጣ፣
እንዬ ደወለች፣ በዝናብ ድምፅ ተውጣ፦
«ሴት ናት! ቀኗን ጠየቀኝ፤ ጻፍሁለት፤
ዝም ብሎ ተቀበለኝ፣ ያለ ጣጣ።»
ሌላ ምንም አላለችም። ሥራ ነበረባት።

የውዴ ልጅ ደጅ ላይ ነው፤ በዝናቡ ይንፈራገጣል፤
በመዝገብ ግን ዛሬም መስከረም አንድ ተወልዷል።
የድሮው መዝገብ ቁልፍ ባሕር ማዶ ነው፣ ከማላውቀው ሰው እጅ።
ደብዳቤ ጽፌያለሁ።
ቀን እጠብቃለሁ።