ሠላሳ ስድስት ጊዜ

ከታይዋን ገበያ፣ ከአሮጌ ጫማ ጎን ወድቆ፣
ገዛሁ አንድ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ከክሩ ተላቅቆ።
ስለ አሜሪካ ነው፤ ገና ልጅ እግር ሳለች፣
ንጉሥ በቃኝ ብላ ሰው መምረጥ ስትማር፣ ስትነታረክ እንደዋለች።

ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ፣ ላቤን በመሐረብ እየጠረግኩ፣
መሃሉን ገልጬ አነበብኩ፦
ሰባ ሦስት ለአንዱ፣ ሰባ ሦስት ለሌላው፤
እኩል! ታዲያ አገሩን ማን ይብላው?

በየካቲት በረዶ ሸንጎው ድምፅ ይሰጣል፣ ይቆጥራል፤
አንዱ በሽተኛ በቃሬዛ መጥቶ፣ ትራስ ላይ ሆኖ ይመርጣል።
አምስቴ ቢቆጥሩት፣ አሥራ አምስቴ፣ ውጤቱ ያው፤
ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ነበር ቋጠሮው የላላው።

ልስቅ ስል የኛ እድር ትዝ አለኝ፣
የምድር ባቡር ጡረተኞች እድር፣ ጸሐፊ ያደረገኝ።

ባለፈው እሁድ፣ በዚያ ሐሩር፣
ሁለት የወተት ቆርቆሮ አቁመን ከግንቡ ስር፤
ድምፃችን ያልተሸጠ የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት፣
የድሬ–ጅቡቲ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው ወረቀት፤
ባቡር ነጂው ሮብሌ ወይ የአቴልዬው ቀጄላ፤
ጣል ነው፣ ጣል ነው፣ እስኪሞላ።

አርባ አንድ ለአርባ አንድ።
ደግመን ቆጠርን። አርባ አንድ።
ሦስት ዙር፣ እስከ ማታ፣ ትንኝ እየበላን፤
አርባ አንድ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሩን አቶ ወንዳፍራሽ ግን
ገና በማጣሪያው ወድቀው፣ ከወንበራቸው ዝም አሉን።

መጽሐፉ ይላል፦ የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት
ተተኪውን ሳይጨብጥ፣ በሠረገላ ገሰገሰ ወደ ቤት።
የኛም ሰው፣ ሰኞ ንጋት፣ በሬ ሲንኳኳ ሰምቼ
ብወጣ የሉም፤ ባጃጁ ወደ ሳቢያን ሲታጠፍ አየሁ፣ ዓይኔን አሽቼ።
እጀታው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረ፦
ማኅተሙ፣ የሣጥኑ ቁልፍ፣ የእድሩ ገንዘብ፣
ሳንቲም ሳይቀር የተቆጠረ።

«አኮረፉ» አለ ጎረቤት። ያኩርፉ! ኩርፊያ ማንን ገደለ?
አኮረፉ እንጂ አልተኮሱ፤ ስንቱ ነው ወንበሩን ታቅፎ አገር ያቃጠለ።
የሩቁም ሰውዬ አኩርፎ ነው የሄደ።
ግን ሄደ።

ይህን ለአባላቱ ሳወራ፣ ከድንኳኑ ጓዳ፣ ድስት እያማሰለች፣
«ሴቱስ? ባሪያውስ? መረጠ ወይ እዚያ አገር?» አለች
ሰዓዳ፣ የሟቹ የፍሬን ሠራተኛ ሚስት።
ምን ልበላት? መጽሐፉ ላይ ባሪያው
ከአምስት ሦስት እጅ ሰው ተብሎ ተቆጥሯል፣ የጌቶቹ ወንበር እንዲበዛ፤
ድምፅ ግን የለውም። የሴቷንም ጠቅላላ ማን አነሳ?

«እኔስ?» አለች። «ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመት መዋጮ ስከፍል፣
ስንት ለቀስተኛ አበላሁ! ቲኬቴ የታል?»

እሁድ አራተኛው ዙር ነው። ማታ ሣጥኑን ከፍቼ ፈተሽኩ፤
ሦስተኛ ማዕረግ አልቋል።
ከታች፣ ከመዝገቡ ስር፣ አንድ ብቻ አገኘሁ፣
ቢጫ፣ ያልተበሳ፣
የአንደኛ ማዕረግ።