የካሮት አተላ

ስምንት ካሮት ልጬ፣ ብርጭቆ ሞልቼ፣
በረዶ ጥዬበት፣ ስትሮ ሰክቼ፣
ለማዳም ቡሠይና አቀርብላታለሁ፤
"ፊት ያበራል" ትላለች፤ እኔ ዝም እላለሁ።
ሳልሚያ፣ ሦስተኛው ፎቅ፤ በመስኮቱ ባሕር፤
ከመጭመቂያው ሆድ ውስጥ አተላው ሲቀር
"ጣዪው" ትለኛለች።
አልጥለውም።

ማታ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ሽንኩርት አቁላልቼ፣
ቃሪያ ጣል አድርጌ፣ ዘይት ሳልሰስት ሞልቼ
ቀስ እያልሁ አበስለዋለሁ።
ከውሃ የደበቀውን ምስጢር ካሮት
አፍ አውጥቶ ይናዘዛል ለዘይት፤
የድስቱ ጠርዝ ብርቱካን ይሆናል።
ከተራረፈ ኹብዝ ጋር፣ እራቴ ነው።

ረመዳን በወጣ በሁለተኛው ሳምንት
ሳህን ሳጥብ መዳፌን አየሁት፤
እርድ የነካሁ መስሎኝ በሎሚ ፈተግሁት፣
በበረኪና ዘፈዘፍሁት፤
አልለቀቀም። ተረከዜም እንደዚያው። የአፍንጫዬም ጫፍ።

ማዳም አየች። ኩባያ ለየችልኝ።
"ጉበቷ ነው" አለች ለባባ በስልክ።
በእኛ አገር ስሙ ወፍ ነው ይህ በሽታ፤
እዚህም ወፍ ነው፣ ያስበርራል ባንድ ማታ፤
የከሚሴዋ ሰዓዳ በአንዲት የደም ጠብታ
ሄዳለች፣ የሻንጣዋን ዚፕ እንኳ ሳትዘጋ።

ሐዋሊ ያለው ግብፃዊ ሐኪም
የዐይኔን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ።
"ነጭ ነው" አለ። ነጭ፣ እንዳጠብሁት ሳህን።
ወፏ ብትኖር መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ነበር።
"ምን ትበያለሽ?"
ማዳምን አየሁ። ወለሉን አየሁ።
"አተላውን" አልሁት። "በዘይት።"

ሳቀ። ወረቀት ላይ አንጀት ሳለ፤
"ይኼ ቀለም ብቻውን ደጅ ጠኚ ነው" አለ፣
"ስብ ካላጀበው አንጀት አያስገባውም፤
አንዴ ከገባ ግን ቶሎ አይወጣም፤
ጉበት ዘንድ ያድራል፤ ከፊሉ ተመንዝሮ
በጨለማ ማያ ይሆናል፤ የተረፈው ዞሮ
ቆዳ ሥር፣ ስብ ውስጥ፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።
ጉዳት የለውም። ስትተዪው ይለቃል።"

የባንክ ደብተር የለኝም፤ ደሞዜ በመጣበት ቀን ይሄዳል፤
ተረከዜ ግን፣ ሳላውቀው፣ ቆጥቦልኛል።

"እኔስ?" አለች ማዳም፣ ነጭ መዳፏን ዘርግታ፣
"ሦስት ወር ሙሉ ስጠጣው ጧትና ማታ?"
"ያለ ዘይት ነዋ።"
ቅጽ ሊሞላ ወደ እኔ ዞሮ "ስምሽ?" ሲለኝ
"ማርያ" ልትል አፏን ከፈተች፣
ማርያ ከእኔ በፊት የነበረችው ናት፣
ቀደምኋት።
"ዘይቱና።"
ሐኪሙ ብዕሩን አቁሞ ደግሞ ሳቀ።

ዛሬ አተላው የማዳም ነው።
በወይራ ዘይት ጠብሼ በነጭ ሳህን አቀርባለሁ።
መዳፌ ያጠራቀመውን በየቀኑ ይመነዝራል፤
አውራ ጣቴ ሥር ለቋል፤ ተረከዜ ላይ ትንሽ ቀርቷል።
ማታ ካልሲ አጥልቄ እተኛለሁ።