ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት

አርባ መጠይቅ ታቅፎ ቢሮዬ ገባ ሸዋቀና፣
"ጨረስኩ፣ መምህር" አለኝ፣ ቆሞ በትሕትና።
አገላበጥኩት፤ አንድም ጠርዙ አልታጠፈም፣
ጭቃ የለው፣ ጥላሸት የለው፣ የሰው ጣት አላረፈም፤
ባንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ ሌሊት፣ ባንድ ትንፋሽ የተሞላ፣
አርባ ቤት ከነቤተሰቡ እኩል ጠግቦ የሚበላ።
ጥያቄ ሃያ ሰባት፦ "ምርትዎ ስንት ወር ያደርሳል?"
ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት... እንደ ዶቃ ይወርዳል።
"መንዝ ነው ይሄ?" አልኩት። መልስ የለም። በመስኮቱ
ውርጭ ያነጣውን ሣር ያያል፤ ቀና አይል ጎንበስ አይል አንገቱ።

ቀዩን ብዕር አነሣሁት፤ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ቃሉም አጭር፦
"የተፈበረከ መረጃ"፤ ከዚያ ኮሚቴ፣ ከዚያ መባረር።
አነሣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት፤
የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ፣ ሃያ ዓመት የቀበርኩት።
ክረምት ላይ፣ የሞጃ ወንዝ ሞልቶ "አላሻግርም" ቢለኝ፣
ዘጠኝ ቤት ድንኳን ውስጥ ሆኜ በግምት የሞላሁ እኔው ነኝ።
ማንም አልያዘኝ። ተጨበጨበ። ዲግሪው ግድግዳ ተሰቀለ።
"ነገ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ፣ መናኸሪያ" አልኩት። "እሺ" አለ።

ጣርማበር ላይ ጉም ዋጠን፤ ሾፌሩ በጥሩምባ ነው የሚነዳ፤
መዘዞን፣ ሞላሌን አልፈን፣ ወጣን ወደ መሐል ሜዳ።
ስለ ናሙና አመራረጥ፣ ስለ አሳታፊ ግምገማ፣
ልናገር የሰነቅሁት ሁሉ እዚያው ሆዴ ውስጥ ሻገተ፣ ማን ሊሰማ?
ካንገቱ ባና ደርቦ፣
ወደ ውጭ ያያል ልጁ፣ ጉንጩን ወደ ውስጥ ስቦ።

ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት። ከዚያ ቤት ለቤት።
"የምንበላው? እስከ ጥር ነው" አሉ ጋሽ ደስይበለው፣
"ከጥር ወዲያ በጉ ነው፤ በጉ ሲያልቅ እግዜር ያለው።"
አንዷ ስቃ መለሰች፦ "ወር እኛ ጋ አይቆጠርም፣
ጎተራው ነው የሚቆጥር፤ እሱም ዘንድሮ አይናገርም።"
ሸዋቀና ይጽፋል፣ ጣቱን ብርድ አስሮት፣ ቀስ እያለ፤
አምስት፣ ስምንት፣ አራት ተኩል... ቁጥሩ ፊት አበቀለ።

ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት ደጃፍ ስንደርስ ግን ቆመ፤
ጆሮው ቀላ። እግሩ እመሬቱ ላይ ታተመ።
አሮጌውን ቅጽ አየሁት፦ የቤቱ ኃላፊ፣ ሴት፤ ስም፣ ማዘንጊያ፤
በሬ፣ የለም፤ ገቢ፣ የሱፍ ፈትል፤ ወጪ፣ ለልጅ መላኪያ።

"እናቴ ናት፣ መምህር። እንደ ባዕድ እንዴት ልጠይቃት?
'ተርፎኝ ነው' እያለች ስትልክ፣ ዐሥራ ሁለት አልኩላት።
ለሷ ዐሥራ ሁለት ጽፌ ጎረቤትን እንዴት ላሳንስ?
የሷን ገመና ስሸፍን፣ መንደሩን ሁሉ ሳለብስ..."

ሃያ ዓመት አስተምሬ ለዚህ የሚሆን ስላይድ የለኝም፤
"የተመራማሪ ገለልተኝነት" የሚለው ምዕራፍ እዚህ ደጃፍ አይቆምም።
"እኔ ልጠይቅልህ?" አልኩት። ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ፤
ጎንበስ ብሎ ብቻውን ገባ፤ በሩን ሳይዘጋው ዘለቀ።

እኔ ከውጭ፣ ካቡ ድንጋይ ላይ ቀረሁ፤
የሚሉት አይለይም፤ አንዴ ብቻ ሳቅ ሰማሁ።
ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የሷ ድምፅ፦ "ጻፈው እንጂ፣ ምን ያሳፍራል?
ለኔ ብለህ የዋሸኸው ለኔው ስንዴ ያስቀራል።"

ሲወጣ ያንኑ ቅጽ ሰጠኝ። ዐሥራ ሁለቱ በምራቅ ተፍቆ፣
ወረቀቱ ተበስቷል፤ ፀሐይ ያሳያል ሰርቆ።
ከቀዳዳው አጠገብ "ሰባት"፤ ከሥሩ በጠባብ ስፍራ፣
"በልግ ከቀና" የሚል፣ ቅጹ ያልጠየቀው አደራ።

ስንመለስ፣ ባውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር፣
እናቱ የሰጡንን የባቄላ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር፦
"መምህር፣ እርስዎስ?" አለኝ። "ዋሽተው ያውቃሉ በመረጃ?"
ጣርማበር እስክንደርስ ዝም። ከጉሙ ውስጥ ነገርኩት፤ ክረምቱን፣ ሞጃ፣
ድንኳኑን፣ ጭብጨባውን።
አልሳቀም። አልፈረደም። ቦርሳውን
ፈታና ቆጠረ ባዶ ቅጽ፤ ዘጠኝ፤
ምንም ሳይናገር ሰጠኝ።