ርዝመቷ ስንት ነው?

ኢንቨርነስ፣ የካቲት። ዝናብ መስኮቱን ይመታል፤
ሩዋሪ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል።
ጠርዙ እንዳይጠቀለል አንዱን በድንች ጫነው፤
አንዱን በጨው ዕቃ፣ አንዱን በክርኑ ያዘው፤
አራተኛው ጠርዝ ግን፣ አሻፈረኝ ብሎ፣
ሉዊስን ከነከተማዋ ሸፈናት ጠቅሎ።

"ርዝመቷ ስንት ነው?" ትላለች ቲኬት ሻጯ በስልክ፤
"መርከባችን የሚያስከፍል በሜትር ነው፣ አይደለም በመልክ።"
እኔ እንጃ። ቤት ሲገዛ ርዝመት ማን ይጠይቃል?
አልጋና ምድጃ፣ ሽንት ቤት ካለ ይበቃል።

ጎማ ያላት ቤት፣ ከኤልጊን ዳቦ ጋጋሪ የገዛናት፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀረፋ ቀረፋ የሚሸታት።
ሦስት ዓመት ደጃችን ቆመች፣ ሣር ከሥሯ በቅሎ፤
ሩቅ አገሯ የመካኒኩ ግቢ ነው፣
ያውም ሌላ መኪና ጎትቷት፣ በገመድ አንጠልጥሎ።

ሩዋሪ ዝናቡ ውስጥ ወጣ፣ ሜትሩን በጥርሱ ነክሶ፣
ከሌሊት ልብሱ በላይ የኔን ካፖርት ለብሶ።
እኔ ከአፍንጫዋ ያዝኩ፣ እሱ ከጅራቷ፤
ጎረቤታችን ዩና መጋረጃ ገልጣ ታየናለች ከመስኮቷ፤
ያቺ ምስኪን፣ ሙሽራ ይመስል፣
ተለካች እስከ ቁርጭምጭሚቷ።

ሰባት ሜትር ከሃያ። "ስድስት ከዘጠና አልነበር?"
የብስክሌት መስቀያው ነው ያመጣብን ይህን ነገር።
"ይነቀል" አልኩ። ዝም አለ። ሜትሩ ከእጁ አምልጦ
ተጠቀለለ፣ አውራ ጣቱን ቆንጥጦ።
ብስክሌት ከነዳ አምስት ዓመት አልፎታል፤
ጉልበቱን ሐኪም ከፍቶ እንደገና ሰፍቶታል።
መስቀያው ከተነቀለ፣ ነገሩ በይፋ ሊሆን ነው፤
ሳይነቀል ግን… ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ነው።

"ልዩነቱን እንከፍላለን" አልኩ በስልኩ።
ዝምታም በሜትር ይገዛል።
"እሺ፣ ልመልከት" አለች፤ የባግፓይፕ ዜማ ጆሮዬ ላይ ተለቀቀ።

ዜማው እስኪያልቅ ሩዋሪ ጉዞውን ያነብልኛል፦
መጀመሪያ ባራ። መንገዷ ቀለበት ነው፤
ዞረሽ ዞረሽ የምትደርሺው ከጀመርሽበት ነው።
ከዚያ ዩስት፤ ውሃና መሬት ተራ በተራ፣
ምድር ነው ስትይ ሐይቅ፣ ሐይቅ ነው ስትይ ጎራ።
መንገዱ ለአንድ መኪና ነው፤ ከፊት ሌላ ከመጣ
ጥግ ይዘሽ ታሳልፊያለሽ፤ እጅ ማንሳት አትርሺ፣ ሰው እንዳይቆጣ።
በጉ ግን አይነሣም፤ አስፋልቱ ሞቆት ተኝቶ
ያመሰኳል፣ ለጥሩምባ ጀርባውን ሰጥቶ።
እሑድ በሰሜን በኩል ክፍት ሱቅ ብርቅ ነው፤
ቅዳሜ ያልሸመተ፣ እሑድ የሚያኝከው ጥርሱን ነው።
ነፋሱ ሃምሳ ማይል ካለፈ፣ እንዳንነዳ፤
ማዕበል አያውቅም ባላገር፣ አያውቅም እንግዳ።
የሽንት ቤቱ ሣጥን በየሦስት ቀኑ ይደፋ፤
"በማን ተራ?" ብዬ ብጠይቅ፣ እስክርቢቶው ጠፋ።

ከባራ ወዲያ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ አለች፣
ከምስር አትበልጥም፤ ስሟ ባሕሩ ላይ ተጽፎ እሷ ከጎኑ ቀርታለች።
አያቴ ላክላን ከዚያ የወጣው የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣
በጀልባ፣ አንዲት ዶሮ በኮቱ ውስጥ ሸፍኖ።
ስለ ደሴቲቱ ሲጠይቁት ስለ ዶሮዋ ነበር የሚያወራ።
ዛሬ ሰው የላትም፤ ወፍ ነው ባለርስቷ፤
መንገድ የላት፣ ወደብ የላት፣ ጎማ ነክቶት አያውቅም ደረቷ።

ሩዋሪ በእርሳስ ከበባት፤ ቀና ብሎም አየኝ።
"መኪናዋስ?" አልኩት። "ትቆማለች" አለኝ፤
"ከደቡቡ ጫፍ፣ አሸዋው ካለቀበት፣ ሣሩ ላይ፣
አፍንጫዋን ወደዚያ አዙረን፣ ሁለት ኩባያ ሻይ፤
ጉም ከሆነ ጉሙን፣ ካልሆነ እሷን እንድናይ።"

"ስንት ሌሊት?"
አልመለሰም። መስቀያውን እንዳልነካሁበት፣ እኔም አልነካሁት።

ዜማው ተቋረጠ። "አለሽ?" አለች ልጅቷ፤
"የምትመለሱበትስ ቀን?"
ሩዋሪ ክርኑን አነሣ። ካርታው ተጠቀለለ፤
ድንቹ ወለሉ ላይ ወርዶ፣ ወደ በሩ ተንከባለለ።