የቄራው ነፋስ

መጋቢት ሲገባ፣ በረዶው ሳይለቅ፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ስዘልቅ፣
ከደረጃው ጫፍ ላይ አንድ ውሻ አገኘሁ፤
በገዛ ቤቴ በር እንደ ሌባ ቆምሁ።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ነው ተረቱ፤
ይሄኛው አልጮኸም። ደርቋል አንደበቱ።
መዳፉን የመንገድ ጨው በልቶታል፣
ጎድኑ በሩቁ ይቆጠራል።
ተነሣ። ጓንቴን አሸተተ፣ ጫማዬን አሸተተ፣
ደግሞ ወደ ጓንቴ ተመለሰ፤
እንደ ደከመው ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤
እግሬ ላይ ተኛ።

እኔ ቄራ ነው የምሠራ፤ በብሩክስ ማን አይሠራ?
ሽታው ከቆዳ ጋር ዘመድ ነው፣ ሳሙና የማይፈራ።
ሚስቴ ዘርትሁን ከበር ታስቆመኛለች፣
«ልብሱን እዚያው አውልቅ!» ትላለች፤
ምንትዋብ፣ የሰባት ዓመቷ፣
አፍንጫዋን ይዛ ትሮጣለች ወደ እናቷ።
ዘንድሮ ግን ይኸው
ይህን ሽታ ብሎ የመጣ እንግዳ አለኝ፤
በጠረኔ ወዶኝ፣ በጠረኔ ያመነኝ።

እንግዳስ ማን ነበር?
ቀብቅቦን የኖረውን የጓዳውን በር
እሱ ከታች በኩል በግንባሩ ገፋው፣ ተከፈተ።
ከማሞቂያው ኋላ የምትሞቅ ጥግ አለች፣
ክረምቱን ሙሉ ስንንቀጠቀጥ ያላየናት፤
ሄዶ ተጠቀለለባት።

ጎረቤታችን ዶሪን በሌሊት ልብሷ ወጣች፤
«ቡርኮ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።
የኦረስት ውሻ ነው፤ ከኛ በፊት እዚህ ቤት የነበረ፣
ሠላሳ ዓመት በዚያው በኔ ቄራ ብልት ሲያወጣ የኖረ፤
ጉልበቱ ሲከዳው፣ ጥቅምት ላይ ጓዙን በፒክአፕ ጭኖ፣
ሜዲስን ሃት ገባ፣ የልጁ ጥገኛ ሆኖ።

ደወልን። ሽማግሌው ዝም አለ።
«አሥራ አንድ ቀን ሆነው» አለ፤
«ወንዝ ለወንዝ ስጠራው ድምፄ ተዘጋ» አለ።

መቶ ኪሎ ሜትር!
ያኔ ሲወሰድ ከሸራ ሥር ነበር፤
መንገድ አላየ፣ ምልክት አላነበበ።
ዶሪን «ልቡ ነው የመራው» ትላለች፤
ዘርትሁን «ፈጣሪው» ትላለች፤
እኔ ነፋሱን እጠረጥራለሁ።
የምዕራቡ ነፋስ ሲነሣ፣
አገሩ ሁሉ «ኡፍ!» ብሎ መስኮት የሚዘጋበት፣
ዶሪን ባለ ሽቶ ሻማዋን የምታበራበት፣
ያ የኛ ክርፋት
በከብት ማድለቢያው ላይ፣ በስንዴ ጎተራው አናት፣
በባቡር ሐዲዱ፣ በበረዶው ሜዳ እየቀጠነ፣ እየሳሳ፣
ክር አህሎ፣ ከክርም አንሶ፣
አንድ አፍንጫ ጋ ደርሶ፣
«ና» ብሎት ይሆናል።

እሁድ ኦረስት መጣ። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣
ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ ጉልበቱን ቅባት አልብሶ።
«ቡርኮ» አለ።
ውሻው ጆሮውን አቆመ፤ ድምፁንስ አውቆታል።
ጅራቱ አንዴ ተወዛወዘና ግማሽ ላይ ቀረ።
እሱን አየ። እኔን አየ።
እኔ ፊቴን አዞርሁ፤
ሰው ሲመዘን ቆሞ ማየት ነውር ነው።

ሽማግሌው አልተቆጣም።
የገዛ እጁን አነሣና አሸተተ፤
«ታጥቤያለሁ» አለ፤ «ጡረታ ከወጣሁ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ታጥቤያለሁ።»
ከዚያ፣ ብድር እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ፣
«አሮጌ ጓንት ይኖርሃል?»

ሰጠሁት። በቀኝ እጁ አጠለቀ፤ ልኩ ነበረ።
ቡርኮ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ በረረ።

ሄዱ። ሰኞ በፈረቃዬ አዲስ ጓንት ተሰጠኝ፤
ገና ምንም አይሸትም፣ የማንም እጅ አይመስለኝ።
ምንትዋብ ግን ከዚያ ወዲህ
በር ላይ ትጠብቀኛለች፤
አፍንጫዋን ሳትይዝ፣ ልብሴን ሳላወልቅ፣
መዳፌን ገልብጣ ታሸታለች፣
እንደ ፍተሻ ጣቢያ ዘበኛ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፦
«አንተው ነህ፣ አባባ።
በል እንግዲህ ግባ።»