አሥራ አንድ ሰከንድ

«መልስ የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አላስገደደኝ።
ከሰው አፍ የወደቀን ቃል ለቅሜ
ወረቀት ላይ አሰጣለሁ፤ ያ ነው ሥራዬ፣ ያ ነው አቅሜ።

ዊኒፔግ። ጥር። ትንፋሽ ጢም ላይ በረዶ ሆኖ የሚቀርበት።
አምስተኛ ፎቅ፣ የኪራይ ክርክር የሚሰማበት
ጠባብ ክፍል፤ ማሞቂያው እንደ አሮጌ ድመት ሲያንኮራፋ
ወይዘሮ ዶርካስ ፍሌት ቆመች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ሰባ ሁለት ዓመቷ፣ ከሰሜን ሐይቆች ዳር የመጣች፣
በከተማ ጫጫታ መሃል ዝም ማለት የለመደች።

«የአራት ወር ኪራይ አልከፈልሽም። እውነት ነው?» አለ ዳኛው።
አስተርጓሚው የሚያውቀው የጎረቤቶቿን ቋንቋ ነው፤
ለጆሮ ዘመድ የሚመስል፣ ለልብ ግን ባዳ፤
ቃሉ መጣ፣ በሯ ላይ ቆመ፣ ሳይገባ ቀረ እንደ እንግዳ።
ዝም አለች።
እኔም ጻፍኩ፦ መልስ የለም።
ዳኛው ገጹን ገለጠ፦ «እንግዲያው በሠላሳ ቀን ትውጣ።»
ሁለት ቃል ነበር የኔ። ሁለት ቃል ቤት ያፈርሳል?
አፈረሰ።

ሶላንጅ ቦድሪ የደወለችልኝ በየካቲት ነው።
ቀን ቀን የእህል ኩባንያዎች የግብር ጠበቃ ናት፤
ሰዓቷ በስድስት በስድስት ደቂቃ ተመትሮ የሚሸጥ፣
አንዱ ቁራጭ ከዶርካስ የወር አስቤዛ የሚበልጥ።
ማታ ግን ጫማዋን አውልቃ የድሃ ይግባኝ ትይዛለች፣
ያለ ክፍያ፣ ያለ ወሬ።
«ጽሑፉን አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ድምፁን ላኪልኝ።»
ላክሁላት። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም፤
ሃያ ዓመት ስሠራ ጽሑፌን የጠረጠረ ሰው አላውቅም።

በሦስተኛው ሌሊት ደወለች፣ ከቆመ መኪና ውስጥ፣
ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።
«ከጥያቄው እስከ ዳኛው ሳል አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤
ስድስተኛው ላይ ጆሮሽን ጣይ።»

ጣልኩ።
ዚፕ ተከፈተ፤ ቀስ ብሎ፣ የቀዘቀዘ ጣት እንደሚከፍተው።
ከዚያ ወረቀት፤ ስስ፣ ተጣጥፎ የኖረ፣ ሲፈታ የሚንሾካሾከው።
ከዚያ ሳል። ከዚያ ገጽ ሲገለጥ። ከዚያ ፍርድ።
መልስ ነበር!
በካፖርቷ የውስጥ ኪስ፣ ከደረቷ ሙቀት ሥር፣
መልሱ መንገድ ላይ ነበር፤
የሚጠብቀው አጣ እንጂ።
ጠበቃ ማለት ለካ ይኸው ነው፤ የሚጠብቅ።

ሚያዝያ ላይ፣ የወንዙ በረዶ እየተሰነጠቀ ሲያጓራ፣
ሦስት ዳኞች ተሰየሙ።
የአከራዩ ጠበቃ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ከመረ።
ሶላንጅ ተነሣች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃ ጠጣች፤
ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ሰው ተከራክራ አታውቅም።
«ክቡራን ዳኞች፣ ከተመደበልኝ ጊዜ ላይ
አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም እንድል ይፈቀድልኝ።»

ዝም።
የግድግዳው ሰዓት ተሰማ።
አንዱ ዳኛ ብዕሩን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ፈቃድ ወስጄ የመጣሁ፣
የማደርግበት ባጣ እጄን ጉልበቴ ላይ ደበቅሁ።
እንዴት ይረዝማል! ሰው አግብቶ ይፈታበታል።
«ደንበኛዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ቤቷን ያጣችው በዚህች መሃል ነው።»

ሁለት ለአንድ ፈረዱ። ቤቱን አልመለሱም፤
«እንደገና ይሰማ» ብቻ አሉ።
ይሰማ። ስንቴ ጽፌዋለሁ ይህን ቃል!
ጆሮ እንዳለው ግን አላወቅሁም።

ደረጃው ላይ ዶርካስ ቆመች፣ በእህቷ ልጅ አፍ፦
«ስንት ነው?»
«ምንም።»
«እንግዲያስ ደረሰኝ ስጪኝ።»
ሶላንጅ ሳቀች። ዶርካስ አልሳቀችም።
ስለዚህ በመኪና ማቆሚያ ወረቀት ጀርባ፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ፦
ከወይዘሮ ዶርካስ ፍሌት፣ ባዶ ዶላር ከባዶ ሳንቲም፤
ቀን፤ ፊርማ።

ዚፑ ተከፈተ። ወረቀቱ ገባ፣ ከአራቱ ጎን።
ከአሥር እርምጃ ርቀት ሰማሁት።
ደረሰኝ።