ዓምድ

ቅጹ ከበላይ የመጣ ነው፣ በእንግሊዝኛ የታተመ፣
ሰባት ዓምድ የተሰመረበት፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ።
እኔ መዝጋቢዋ፣ እርሳስ በጆሮዬ፣ ሜትር በኪሴ፣
ከሞጣ በአይሱዙ ተንገላትቼ፣ አቧራ ጠግቦ ቀሚሴ፣
መርጡለ ማርያም ደረስሁ። ከፍርስራሹ ደጅ ቆምሁ።
ሌላ ዓምድ፣ የድንጋይ ዓምድ፣ ጣራው ወድቆበት
ሰማይ ብቻ ተሸክሞ አየሁ።

የሚያሳዩኝ ጋሽ ልየው ነበሩ፣ በር ጠራቢ፣ መንበር ጠራቢ፤
አውራ ጣታቸው በመሮ የጎደለ፣ የቀሩት ጣቶች ግን አንባቢ።
«ሮዜት» ብዬ ጀመርሁ፣ በተማሪ ቤት ድምፄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
«የማን ልጅ ናት?» አሉ። ሳቄን ዋጥሁት በግድ፣ በወረቀት ፊቴን ሸሽጌ።
«ሰው አይደለችም፣ ጋሼ፤ ይኸ ክቡ አበባ ነው፣ መሐሉ እንቡጥ ያለው።»
«እሱማ አደይ ነው! ቁጠሪው፤ ቅጠሉ ስምንት ነው።
ሰባተኛው ላይ የቸኮለ ጠራቢ ስምንተኛውን ያጠበዋል፤
ይኸው፣ ይኸም ሰው ቸኩሏል።»

«ቮሉት»።
«የአውራ በግ ቀንድ ነው፤ ያውም የሸመገለ፣ ሁለት ዙር የዞረ፤
የጠቦት ቢሆን ኖሮ እዚህች ጋ በቀረ።»

እንዲያ እያልን ስንወርድ፣ ከቃል ወደ ቃል፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣
አንዱ ላይ ደረስሁ፣ ከአፌ ሞልቶ የሚተርፍ።
«አካንቱስ» አልሁ። መዝገበ ቃላቱ የግሪክ ቅጠል ነው ይላል፤
ባሕር ማዶ፣ በእብነ በረድ ራስ ላይ ያብባል።
ጋሽ ልየው ግን ድንጋዩን ትተው ወደ አጥሩ ወጡ፣
በነጠላ ጫፍ ቀንጥሰው፣ ተወግተው፣ እየሳቁ መጡ።
«ኮሸሽላ ነች! ፍየል እንኳ ታግላ የምትተዋት!»
ከተጠረበው ጎን አስጠግተው፣ ጥርስ በጥርስ ለኳት።
ስሸመድዳት ያደርኋት ያቺ የሩቅ አገር ቃል
ጧት እዚሁ መንገድ ዳር ቀሚሴን ይዛ ነበር፤
ክሩ እስካሁን ተመዟል።

«ሪሊፍ» ስል ግን ፊታቸው ጠቆረ።
«እሱን አውቀዋለሁ፤ በሰባ ሰባት፣ በጭነት መኪና ፓዌ ሲወርድ የነበረ፤
ስንዴ ነው፣ ዘይት ነው፤ ድንጋይ ላይ ምን ያደርጋል?»
«ከፊቱ ወጣ ያለ ቅርጽ ማለት ነው፣ ጋሼ። ጎልቶ ይታያል።»
ዝም አሉ። «እኛ እብጥ እንለዋለን» አሉ ቆይተው፣
«ያበጠ ነገር ያማል።»

ከበሩ ጉበን ላይ ሐረጉ ይሳባል፤ ይጠላለፋል፣ ይፈታል፤
ቅጹ አምስት ቃል ደርድሯል፤ ለእኛ አንድ ሐረግ ይበቃል፤
ጌጥም እሱ፣ ዘርም እሱ፣ ከአረፍተ ነገር የተቆረሰም እሱ፤
ሰው ሲጠፋበት እንኳ ሐረጉን ተከትሎ ነው መመለሱ።

በመጨረሻ አንዲት ጭረት፤ ከሐረጉ ዘልላ የወጣች፣
ከጥፍር የማትረዝም፣ መነሻዋ ጠልቃ ጫፏ የሳሳች።
«ጉዳት» ከሚለው ዓምድ ሥር ልጽፋት እርሳሴን አነሣሁ።
«ተዪ» አሉ። ያን የጎደለ ጣታቸውን ጭረቷ ውስጥ ሲከቱ አየሁ።
«መሮው አላዳለጠም፤ አንድ ሰው ጠርቶት ነው ከሩቅ፣
ለምሳ ይሁን ለመርዶ፣ እኔ እንጃ፤ ዞረ። ይኸን ነው የማውቅ።»
«ስሟ ማን ይባል ታዲያ?»
እሳቸውም አላወቁ። እኔም በሁለት ቋንቋ ፈልጌ አጣሁ።

ቅጹ ከወር በኋላ ተመለሰ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ይስተካከል» ተብሎ፤
ኮሸሽላ ተሰርዛ፣ አደይ ተሰርዞ፣ የበጉ ቀንድ ተጥሎ።
አስተካከልሁ። ደመወዝ ነው፣ ምን ይደረጋል፤ ሁሉንም እንደ ፈቃዳቸው ጻፍሁ።
የዚያችን ግን አልነካሁም። ከዓምዷ ግርጌ፣ በእርሳስ፣
«ተጠራ፤ ዞረ» እንዳለ ተውሁ።